የኒውሮብላስቶማ ሴል ቫይታሚን ሲን እንዴት እንደሚወስድ በላብራቶሪ መለካት

ኒውሮብላስቶማ የሕፃናት ካንሰር ነው። በብዛት የሚይዘው አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ሲሆን፣ የሚነሣውም በፅንስ ጊዜ የሲምፓቴቲክ ነርቭ ሊሆኑ ከተነሡ፣ ነገር ግን መብሰላቸውን ካልጨረሱ ሴሎች ነው። የካንሰሩ ዕጢ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከኩላሊት በላይ በተቀመጠችው በአድሬናል እጢ ላይ ነው። እኔ ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ፖል እኖራለሁ፤ ሥራዬም እነዚህን ሴሎች ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግና ቫይታሚን ሲን እንዴት እንደሚወስዱ፣ እንዴት እንደሚይዙና እንዴት እንደሚያጡ መለካት ነው። የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ሥራቸውን በዚህ ዙሪያ የጀመሩ የአገሬ ልጆች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ስለሚመሳሰል፣ ከወረቀት ላይ የማይገኘውን የእጅ ሥራ ጭምር እዚህ አስቀምጣለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። «ቫይታሚን ሲ ጨመርን፤ ሴሉ እንዲህ ሆነ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ሴሉ ዘንድ የደረሰው የትኛው ዓይነት ቫይታሚን ሲ ነው? በየት በኩል ገባ? ስንቱስ ገና ሳይገባ ፈሳሹ ውስጥ ጠፋ? እነዚህን ሳትመልሱ ስለ ካንሰር የምታወጡት ድምዳሜ ሁሉ ስለ ሴሉ ሳይሆን ስለ ፈሳሹ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ ነው።

ለምን ይህ ሴል?

ቫይታሚን ሲ መጀመሪያ ተለይቶ የወጣው ከብርቱካን ሳይሆን ከበሬ አድሬናል እጢ ነው። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት-ጆርጂ በ1928 ካምብሪጅ ሆኖ ነጭ ክሪስታሉን አገኘው፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቀም ነበርና ሄክሱሮኒክ አሲድ አለው። ብዙ እጢ ስላስፈለገው ወደ አሜሪካ፣ እዚሁ ሚኒሶታ ወዳለው ማዮ ክሊኒክ መጣ። እጢውንም ያገኘው እኔ ከምኖርበት ከሴንት ፖል ቄራዎች ነው። በኋላ ሴጌድ በተባለችው የሃንጋሪ ከተማ ከበርበሬ ብዙ አድርጎ አወጣው፤ በ1937 ኖቤል ተሸለመ።

አድሬናል እጢ ይህን ያህል ቫይታሚን ሲ የምታከማችበት ምክንያት አላት። መካከለኛው ክፍሏ ዶፓሚንን ወደ ኖርአድሬናሊን ይለውጣል፤ ይህን የሚሠራው ዶፓሚን ቤታ ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም ያለ አስኮርቤት፣ ማለትም ያለ ቫይታሚን ሲ፣ አይሠራም። በእያንዳንዱ ዙር አስኮርቤት ኤሌክትሮን እየሰጠ ይለወጣል፤ ሴሉም መልሶ ያድሰዋል። ኒውሮብላስቶማ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። ብዙዎቹ ዕጢዎች ካቴኮላሚን (እንደ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያሉ ኬሚካሎች) ስለሚሠሩ ሐኪሞች በሕፃኑ ሽንት ውስጥ ቪኤምኤ እና ኤችቪኤ የተባሉትን ቅሪቶች ይለካሉ፤ የኤምአይቢጂ ምርመራም ኖርአድሬናሊንን ወደ ሴል የሚያስገባውን ማጓጓዣ ተጠቅሞ ዕጢውን ያሳያል። ቫይታሚን ሲን ከዚህ ሴል ጋር አገናኝቶ መጠየቅ ከዘመን ወሬ የመጣ ነገር አይደለም፤ ከእጢዋ ሥራ የሚነሣ ጥያቄ ነው።

ሁለቱ በሮች

ቫይታሚን ሲ ወደዚህ ሴል የሚገባባቸው ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው ኤስቪሲቲ2 ይባላል፤ ኤስቪሲቲ1 ከሚባለው ወንድሙ ጋር በ1999 ነው ጂኑ የታወቀው። ይህ በር የሚያሳልፈው ያልተለወጠውን ቫይታሚን፣ አስኮርቤትን ብቻ ነው። ኃይሉን የሚያገኘው ከሶዲየም ነው፤ ሁለት ሶዲየም ከውጭ ወደ ውስጥ ሲወርዱ አንድ አስኮርቤት ይዘው ይገባሉ። በዚህ ምክንያት ደም ውስጥ 50 ማይክሮሞላር ገደማ እያለ የነርቭ ሴል ውስጡን በሚሊሞላር ደረጃ ሊሞላ ይችላል፤ አንድ ሚሊሞላር አንድ ሺህ ማይክሮሞላር ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየምም ይፈልጋል፤ ይህን በኋላ ባፈር (ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የተዘጋጀ የጨው ፈሳሽ) ስትሠሩ አስታውሱት።

ሁለተኛው ስኳር የሚገባበት በር ነው፤ ግሉት1 እና ግሉት3። አስኮርቤት በዚህ አያልፍም። ኦክሳይድ ሆኖ ወደ ዲሃይድሮአስኮርቤት ሲለወጥ ግን ቅርጹ ለግሉኮስ ስለሚቀርብ በፍጥነት ይገባል። ከገባ በኋላ ግሉታታዮንና ረዳት ኢንዛይሞቹ ወዲያው ወደ አስኮርቤት ይመልሱታል፤ አንዴ አስኮርቤት ከሆነ ደግሞ በገባበት መውጣት አይችልም። ልብ በሉ፦ በሁለቱም መንገድ ቢገባ መጨረሻ ላይ ሴሉ ውስጥ የምታገኙት አስኮርቤት ነው። ሴሉን ፈጭታችሁ አስኮርቤት ስለለካችሁ ብቻ በየት እንደገባ አታውቁም። ሙከራው በሩን እንዲነግራችሁ ሆኖ መሠራት አለበት።

ሴሉን መምረጥና ማሳደግ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ በተባለው ነው። ምንጩ በ1970 ኒውዮርክ ውስጥ ከአንዲት የአራት ዓመት ልጅ መቅኔ የተወሰደው ኤስኬ-ኤን-ኤስኤች ነው፤ ከእሱ ሦስት ጊዜ ተለይቶ ወጣ። እያንዳንዱን ፍላስክ ስከፍት ይህ ከአንዲት ልጅ የመጣ መሆኑን አስባለሁ፤ አዲስ ተማሪም ሲመጣ ይህን እነግራለሁ። ሴሉ ለብዙ ነገር ይመቻል፤ ነገር ግን ኤምዋይሲኤን (MYCN) የተባለው ጂን ብዜት የለበትም። ያ ብዜት ከአምስት ታማሚ ልጆች በአንዱ ገደማ የሚገኝና በሽታውን የሚያከፋ ስለሆነ፣ ከቻላችሁ ብዜቱ ያለባቸውን አይኤምአር-32 ወይም ኤስኬ-ኤን-ቢኢ2 ጎን ለጎን አሳድጉ። በአንድ የሴል ዘር ብቻ ተመሥርታችሁ «ኒውሮብላስቶማ እንዲህ ያደርጋል» አትበሉ።

አስተዳደጉ የተለመደው ነው፦ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 10 በመቶ ሴረም። የኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ አስቸጋሪ ጠባይ ከፊሉ ተጣብቆ ከፊሉ ተንሳፍፎ ማደጉ ነው፤ የተጣበቀውም ቢሆን በደንብ አይዝም። የመለኪያ ቀን ደጋግማችሁ ስታጥቡ ሴሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሳህኑን በፖሊ-ዲ-ላይሲን ወይም በኮላጅን ቀቡ፤ ስታጥቡም ፈሳሹን በሴሉ ላይ ሳይሆን በሳህኑ ጉድጓድ ግድግዳ በኩል በቀስታ አፍስሱ።

ከዚህ ይልቅ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። የተለመዱት ማሳደጊያ ፈሳሾች፣ ዲኤምኢኤምም ሆነ አርፒኤምአይ 1640፣ ቫይታሚን ሲ የለባቸውም። ከሴረሙ የሚመጣውም በማከማቸትና በማሞቅ ጊዜ ጠፍቶ ያልቃል። የሰው ሴል ደግሞ ራሱ መሥራት አይችልም፤ ጉሎ የተባለው ጂናችን ተበላሽቷል። ስለዚህ ከፍላስኩ የምታወጡት ሴል ቫይታሚን ሲ ፈጽሞ የጎደለው ሴል ነው። ይህ ለመለኪያ ይመቻል፤ መነሻው ባዶ ነው። ለትርጓሜ ግን አደገኛ ነው፤ ሕፃኑ ሰውነት ውስጥ ያለው ዕጢ እንዲህ ባዶ አይደለም። እኔ ሁልጊዜ ሁለት ቡድን አዘጋጃለሁ፦ እንዳለ ባዶውን፣ እና ሌሊቱን 50 ማይክሮሞላር አስኮርቤት ያደረበትን። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም።

ፈሳሹን ማዘጋጀት፤ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው

መጀመሪያ ጠርሙሱን አንብቡ። አስኮርቢክ አሲድ ነው ወይስ ሶዲየም አስኮርቤት? የመጀመሪያው ሞለኪዩላዊ ክብደቱ 176.12፣ የሁለተኛው 198.11 ነው። 10 ሚሊሊትር የ100 ሚሊሞላር ፈሳሽ ለመሥራት ከአሲዱ 176 ሚሊግራም፣ ከጨው 198 ሚሊግራም ትመዝናላችሁ። ተቀያይሮ ከተመዘነ ከአሥር በመቶ በላይ ስሕተት አለ፤ ማንም ሳያየው እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እኔ የምመክረው ሶዲየም አስኮርቤቱን ነው። አሲዱን በሚሊሞላር መጠን ደካማ ባፈር ላይ ብታፈሱት ፒኤቹ ይወርዳል፤ ፊኖል ሬድ ያለበት ፈሳሽ ከቀይ ወደ ቢጫ ሲሄድ ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ የሞተው ሴል በቫይታሚኑ ይሙት በአሲዱ ማን ይለያል?

ሁለተኛው ጠላት ብረትና መዳብ ነው። አስኮርቤት በንጹሕ ውኃ፣ በፒኤች 7፣ ብቻውን ሲሆን ቶሎ አይበላሽም። የሚያበላሸው ውኃውና ጨዎቹ ይዘውት የሚመጡት እጅግ ጥቂት ብረትና መዳብ ነው። በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ጋሪ ቡትነር ይህንኑ ጠባይ መፈተኛ አደረገው፤ እኔም ባፈሬን የምፈትነው በእሱ ዘዴ ነው። ኬሌክስ በተባለው ብረትና መዳብ የሚለቅም ሙጫ የተጣራ የፎስፌት ባፈር ውሰዱ፤ 125 ማይክሮሞላር አስኮርቤት ጨምሩ፤ በስፔክትሮፎቶሜትር 265 ናኖሜትር ላይ አንብቡ። የአስኮርቤት ብርሃን የመምጠጥ መጠን በዚህ ሞገድ 14,500 ስለሆነ 1.8 አካባቢ ታገኛላችሁ። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና አንብቡ። ከ0.5 በመቶ በላይ ከወረደ ባፈሩ ብረት አለበት፤ ድፉትና እንደ አዲስ አጣሩ። ስፔክትሮፎቶሜትር ያለው ማንኛውም ላብራቶሪ ይህን ማድረግ ይችላል፤ ውድ ዕቃም አይጠይቅም።

ይኸው ንባብ የመጀመሪያውን ፈሳሽ ትክክለኛ መጠንም ይነግራችኋል። የ100 ሚሊሞላሩን ወደ 50 ማይክሮሞላር አቅጥናችሁ 0.72 ወይም 0.73 ካላገኛችሁ፣ ሚዛኑ፣ ዱቄቱ ወይም እጃችሁ ላይ ችግር አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዱቄት ወደ ቢጫ ካደላ አትጠቀሙበት። ፈሳሹን በየቀኑ አዲስ ሥሩ፤ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍናችሁ በረዶ ላይ አኑሩት፤ ለነገ አታሳድሩት። ሰዓታትና ቀናት የሚወስድ ሙከራ ከሆነ አስኮርቤት 2-ፎስፌት የተባለው የተረጋጋ ቅርጽ አለ፤ ሴሎቹ ፎስፌቱን በኢንዛይማቸው እየቆረጡ ቀስ በቀስ ያገኙታል። እሱን ከተጠቀማችሁ ግን ስለ አወሳሰድ ፍጥነት ምንም መናገር አትችሉም።

ዲሃይድሮአስኮርቤቱን ደግሞ አስኮርቤት ኦክሲዴዝ በተባለው ኢንዛይም ወዲያው ከመጠቀማችሁ በፊት ከአስኮርቤት ሥሩት። በ37 ዲግሪና በሰውነት ፒኤች ግማሹ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ስድስት ደቂቃ ገደማ፣ ተሰብሮ ዳይኬቶጉሎኒክ አሲድ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ሴሉ ተዘጋጅቶ፣ ፒፔቱ በእጃችሁ፣ ሰዓት ቆጣሪው ፊታችሁ ሆኖ ነው ኢንዛይሙ የሚጨመረው።

የመለኪያው ቀን

የመውሰጃ ባፈሩ ሄፔስ፣ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና 5 ሚሊሞላር ግሉኮስ ያለበት የክሬብስ ባፈር ነው። ሁለት ዓይነት ትሠራላችሁ። በሁለተኛው ሶዲየም ክሎራይዱን በእኩል መጠን ኮሊን ክሎራይድ ተኩት፤ ፒኤቹንም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሳይሆን በትሪስ ወይም በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አስተካክሉ። ሶዲየም የሌለበት ነው ብላችሁ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብታስተካክሉት ንጽጽሩ ይበላሻል። ብረቱን ለመያዝ ብላችሁ ኢዲቲኤ አትጨምሩ፤ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይዞ በሩን ይዘጋዋል። ባፈሩን በኬሌክስ የምታጣሩትም ካልሲየምና ማግኒዚየም ከመጨመራችሁ በፊት ነው። አስኮርቤቱ በሙከራው ጊዜ ኦክሳይድ እንዳይሆን 0.1 ሚሊሞላር ዳይታዮትሬይቶል መጨመር ይቻላል፤ ዲሃይድሮአስኮርቤት በምትለኩባቸው ጉድጓዶች ግን ፈጽሞ እንዳይገባ።

ሴሎቹን በሞቀ ባፈር እጠቡ፤ 50 ወይም 100 ማይክሮሞላር አስኮርቤት ጨምሩ፤ በ5፣ በ10፣ በ20፣ በ30 እና በ60 ደቂቃ አቁሙ። ፍጥነት የሚሰላው መስመሩ ቀጥ ብሎ ከሚወጣበት ከመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ማቆሚያው በረዶ የመሰለ ቀዝቃዛ ባፈር ነው፤ ፈጥናችሁ እጠቡ፤ የመጨረሻውን ጠብታ ሳታስቀሩ ምጠጡ፤ ወዲያው 5 በመቶ ሜታፎስፎሪክ አሲድ ከ1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ጋር ጨምሩ። ኢዲቲኤ ቦታው እዚህ ነው። ፈግፍጋችሁ በቀዝቃዛ ሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሩ፤ ላዩን ወደ ሌላ ቫያል ወስዳችሁ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። ዝቃጩን አትጣሉት፤ የፕሮቲን መጠን የሚለካው ከእሱ ነው።

ከእነዚህ ጋር የግድ የሚያስፈልጉ ጉድጓዶች አሉ። በረዶ ላይ የቆየ ሴል፣ ከውጭ ተጣብቆ የቀረውን ለመቀነስ። ሶዲየም የሌለበት። ሳይቶቻላሲን ቢ የተጨመረበት፣ ይህ የግሉኮስን በር ይዘጋል። ሳይቶቻላሲን ቢ የሴሉን አክቲን ስለሚነካ፣ ከጎኑ ሳይቶቻላሲን ኢ አድርጉ፤ እሱ አክቲኑን ይነካል፣ የግሉኮስን በር ግን አይዘጋም። አንዱ ሲከለክል ሌላው ካልከለከለ መልሱ ግልጽ ነው። ሴል የሌለበት ጉድጓድም ይኑር፤ በ60 ደቂቃ ውስጥ ባፈሩ ራሱ ስንቱን አስኮርቤት እንዳጠፋ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሶዲየም ሲወጣ አወሳሰዱ ከሞላ ጎደል ከቆመ፣ የለካችሁት ኤስቪሲቲ2ን ነው። ሶዲየም ወጥቶም ብዙ ከገባ ወደ ባፈሩ ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ አስኮርቤቱ በመንገድ ኦክሳይድ ሆኖ በስኳሩ በር እየገባ ነው። ዳይታዮትሬይቶሉን ጨምራችሁ ድገሙ። አሁንም ከገባ ግሉኮሱን ወደ 20 ሚሊሞላር አሳድጉ፤ በስኳሩ በር የሚገባው ከሆነ ይቀንሳል።

ማንበብ

ጥሩው መሣሪያ ኤችፒኤልሲ (ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) ከኤሌክትሮኬሚካል መለያ ጋር ነው። አስኮርቤቱን እንዳለ አንብቡ፤ ከዚያው ናሙና ከፍላችሁ ዲሃይድሮአስኮርቤትን ወደ አስኮርቤት የሚመልሰውን ቲሲኢፒ ጨምራችሁ እንደገና አንብቡ፤ ልዩነቱ ዲሃይድሮአስኮርቤት ነው። መሣሪያው የሌላችሁ በዳይናይትሮፌኒልሃይድራዚን ዘዴ በስፔክትሮፎቶሜትር ጠቅላላውን መለካት ትችላላችሁ። ብዙ ሴል ይጠይቃል፤ አስኮርቤትን ከዲሃይድሮአስኮርቤት ለይቶ ለማየትም ያስቸግራል፤ ግን በንጽሕና ከተሠራ የሚያሳፍር ውጤት አይደለም። ውጤቱን በፕሮቲን አካፍላችሁ ጻፉ፤ የሴሉን የውኃ መጠን ካወቃችሁ ደግሞ ወደ ሚሊሞላር ቀይሩት፤ ከውጭ ካለው ጋር ማወዳደር የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

ሴሉ ሲሞት

ብዙዎቻችሁ ወደዚህ ሥራ የመጣችሁት ቫይታሚን ሲ የካንሰር ሴል ይገድላል የሚለውን ሰምታችሁ ነው። ሳህን ውስጥ ይገድላል፤ ከ1979 ጀምሮ በኒውሮብላስቶማ ሴሎች ላይ ሶዲየም አስኮርቤት እድገት እንደሚያግድ ተጽፏል። በ1990ዎቹ ከጀርመን ቱቢንገን የወጡ ሥራዎች አስኮርቤት ከሴሉ የብረት ማከማቻ ከፈሪቲን ብረት እንደሚያስለቅቅና ዲኤንኤ እንደሚሰበር አሳይተዋል፤ በ2007 የወጣ ጥናትም ሞቱን ከብረት አወሳሰድ ጋር አያይዞታል። በሽታው በተስፋፋባቸው ልጆች ደም ውስጥ ፈሪቲን ከፍ ማለቱ ከድሮ ስለሚታወቅ ይህ ጥያቄ ክብደት አለው።

ነገር ግን በሚሊሞላር መጠን አስኮርቤት ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ሲፈስ ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራል፤ ሴል ባይኖርም ይሠራል። በ2001 ከሲንጋፖር የወጣ ጥናት መርዛማነቱ በየትኛው ማሳደጊያ ፈሳሽ እንደተሠራ እንደሚወሰን አሳይቷል። ስለዚህ ፐርኦክሳይድን ከሚያፈርሰው ኢንዛይም ከካታሌዝ ጋርና ያለ ካታሌዝ ሳትሠሩ ውጤት አታውጡ። ካታሌዙ ሞቱን ካስቀረ ገዳዩ ከውጭ የተሠራው ፐርኦክሳይድ ነው። የብረቱን ድርሻ ብረት በሚይዘው በዴስፈሪኦክሳሚን ፈትኑ። የፈሳሹን ጠርሙስ መለያም አንብቡ፦ ፓይሩቬት ካለበት ፐርኦክሳይዱን ይበላዋል፤ በአንዱ ላብራቶሪ የሚሞት ሴል በሌላው የማይሞተው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

ኤምቲቲ በተባለው መፈተኛ የሴል ሕይወት የምትለኩ ሁሉ፣ እባካችሁ አቁሙ። አስኮርቤት ራሱ ኤምቲቲን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፤ የሞተ ሴል በሕይወት እንዳለ ሆኖ ይነበባል። የሞተውን ሴል ብቻ በሚያቀልመው በትራይፓን ብሉ ቁጠሩ፤ ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ሴሎቹን አራርቃችሁ ዘርታችሁ ስንቱ ተባዝቶ የሴል ስብስብ (ኮሎኒ) እንደሠራ እዩ።

ስልኩ ሲደወል

ላብራቶሪ እንደምትሠሩ ዘመድ ያውቃል፤ የዘመድ ጎረቤት ያውቃል። ልጃቸው የታመመባቸው ወላጆች ይደውላሉ። «እህቴ፣ ቫይታሚን ሲ በብዛት ብንሰጠውስ?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ በአክብሮትና በትክክል መመለስ የሥራችን አካል ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኔ የምለውን ልጻፍላችሁ።

በመጀመሪያ ሐኪም እንዳልሆንሁ እናገራለሁ። ቀጥሎ የሳህኑን ቁጥር ከደሙ ቁጥር እለያለሁ። በአፍ የሚወሰድ ቫይታሚን ሲ ምንም ያህል ቢበዛ ደም ውስጥ ከ200 ማይክሮሞላር ብዙም አያልፍም፤ አንጀት መቀበሉን ይቀንሳል፣ ኩላሊት ያስወጣዋል። ሳህን ውስጥ ሴል የሚገድለው ሚሊሞላር ነው። እዚያ የሚደረሰው በደም ሥር ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለኒውሮብላስቶማ የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም። የጂ6ፒዲ ኢንዛይም እጥረት ላለበት ልጅ ቀይ የደም ሴሎቹን ሊያፈርስ ይችላል፤ ኦክሳሌት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ በጣት የሚለካው የስኳር መሣሪያም አስኮርቤቱን ስኳር አድርጎ ሊያነብ ይችላል።

ከኬሞ ጋር ስለመስጠት ሲጠይቁኝ የምጠቅሰው በ2008 የወጣውን ሥራ ነው። በሉኪሚያና በሊምፎማ ሴሎች ላይ በዲሃይድሮአስኮርቤት በኩል የገባ ቫይታሚን ሲ የዶክሶሩቢሲንን፣ የሲስፕላቲንንና የቪንክሪስቲንን ኃይል ቀንሷል። እነዚህ መድኃኒቶች ለኒውሮብላስቶማም ይሰጣሉ። ጥናቱ በሌላ ካንሰር ላይ ነው፤ ቢሆንም ያለ ሐኪሙ ዕውቀት ከፍተኛ መጠን ላለመስጠት በቂ ምክንያት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ «ሐኪሙ ራሱ ቫይታሚን አዟል» የሚሉኝ አሉ። አይሶትሬቲኖይን ነው፤ የቫይታሚን ኤ ዘር እንጂ ሲ አይደለም። ከባድ ደረጃ ላይ ለነበሩ ልጆች ከዋናው ሕክምና በኋላ የሚሰጥ፣ የቀሩትን ሴሎች ወደ መብሰል የሚገፋ መድኃኒት ነው። ሱቅ ከሚሸጠው ቫይታሚን ጋር እንዳይምታታባቸው ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ምግብ ግን መከልከል የለበትም። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም፣ ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ያለው 25 ሚሊግራም ነው። አንድ መቶ ግራም ብርቱካን 50 ሚሊግራም ገደማ አለው፤ ዘይቱን (ጓቫ) ደግሞ ከ200 በላይ። አፉ በኬሞ የቆሰለ ልጅ ብርቱካን ያቃጥለዋል፤ የበሰለ ዘይቱን ፍሬው ወጥቶ፣ ተፈጭቶ ቢሰጠው ይቀለዋል። የደም ነጭ ሴሉ በወረደበት ሳምንት ጥሬ ፍራፍሬ ይፈቀድለት እንደሆነ ግን መጀመሪያ ነርሷን ይጠይቁ። ልጁ ሳምንታት ሙሉ ምግብ እምቢ ካለ፣ ድዱ ከደማ፣ እግሩን አሞኛል ብሎ መቆም ካቃተው፣ የቫይታሚን ሲ እጥረትም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለሕክምና ቡድኑ ይነገር፤ ይህ ከካንሰሩ ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል። የሚወስደውን ማንኛውንም ሽሮፕ፣ እንክብልና ከአገር ቤት የተላከ ቅጠል ጠርሙሱን ወይም ከረጢቱን እንዳለ ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ስሙን በቃል ከመናገር ዕቃውን ማሳየት ይሻላል፣ መጠኑ የተጻፈው እሱ ላይ ነውና።